ወፍጮው ይፈጫል ወይ?

ቡራይዳ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ
ማርች 6 ቀን 1994

ለውድ እህቴ ለናምቡታይ፣

የመቅደሳችን እመቤት ናምቡናያኪ እናታችን ጥላዋን ከደጃፍሽ አታንሳ። ጤናሽ እንዴት ነው? የባሕር ሣር ለመልቀም አብረውሽ የሚጠልቁት ሴቶች እንዴት ከረሙ? ያቺ አፈኛዋ ፔቺስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ያልዳነልኝ ናፍቆቱ ብቻ ነው፤ እሱንም እስካሁን ሐኪም አላሳየሁትም።

የላክሽልኝ የደረቀ ዓሣ ከነሽታው ደረሰ። እሽጉን ስፈታ አብሮኝ የሚያድረው ሙክሌስ «ማን ሞተ?» ብሎ አፍንጫውን ያዘ። ሲልሄት ከሚባል አገር የመጣ ነው፤ ምግባችንን የሚያበስለው እሱ ነው። «ማንም አልሞተም፣ አገሬ ናት የመጣችው» አልኩት። ሲጠበስ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የበላው። እናቴና እናትሽ የአንድ አያት የልጅ ልጆች መሆናቸውን፣ አንቺ ከእናቴ ጋር አብረሽ ስትጠልቂ እንዳሳደግሽኝ ነገርኩት። «እንግዲያውስ ለእኔም እህቴ ናት፣ ደግማ ትላክ» አለ።

እዚህ ያለው ቴምር ነው። ዛፍ አጠጣለሁ፣ ማዳበሪያ እበትናለሁ፣ ደግሞ ዛፍ አጠጣለሁ። ዙሪያውን አሸዋ ስለሆነ የባሕር ዳርቻ ይመስልና ዓይኔ ውሃውን ሲፈልግ ይውላል። ያለን ውሃ የመስኖው ገንዳ ብቻ ነው። እዚህ «ከፊል» የሚባለው አሠሪያችን የትንኝ እጭ እንዲበሉ ብሎ ትናንሽ ዓሦች ለቆበታል። ዓርብ ዓርብ እገባና ጭንቅላቴን አጥልቄ አዳምጣለሁ። የፓምፑ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ ወፍጮው ይፈጫል ወይ? ልጅ ሆኜ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ሥር ወዳለው ወደዚያ ኮራል ድንጋይ ይዛኝ ስትወርድ፣ «አፍህን ዝጋ፣ ጆሮህን ክፈት» ነበር ያለችኝ። በቀቀን ዓሦቹ ድንጋዩን በጥርሳቸው ሲፈጩት ሰማሁ። ስንወጣ «ውስጥ የሚፈጨው ማነው?» ብዬ ብጠይቅ «አማትህ ናት፣ ለሠርግህ ዱቄት እያዘጋጀች ነው» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሠርጉ ቢቀርም ድምፁን አልረሳሁትም።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ኮንትራክተሩ ታንጋዱራይ የአባቴን የዘንባባ መሬት ለሽሪምፕ ኩሬ ወስዶታል፤ የበርካታ ዓመት ኪራይ ቀድሞ ከፍሎኛል። በዚያ ገንዘብ የማሠራው ቤት መሠረቱና ግድግዳው ይቆማል። ጣሪያው ሲወጣ ውሌን ጨርሼ ለጃንዋሪው የፖንጋል በዓል እመጣለሁ። ከመጣሁም አልመለስም። እስቲ ወደ መሬቱ ብቅ እያልሽ ምን እንደሚሠሩ እዪልኝ።

ወንድምሽ ካሊሙቱ


ቫላይቱራይ
ኤፕሪል 20 ቀን 1994

ለታምቢዬ፣ ለታናሽ ወንድሜ ለካሊሙቱ፣

በምትረግጠው አሸዋ ሁሉ እናታችን ናምቡናያኪ ትቅደምህ። ሙቀቱ አይጉዳህ፣ ውሃ አትርሳ። እኛ ደህና ነን። ፊደሌን ታውቀዋለህ፤ ጨውና ሻይ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀምኩት ስለሆነ መስመሩ ቢንሻፈፍ አትሳቅብኝ።

አሁን ዓሣው የሚረባበት ወቅት ስለሆነ የባሕር ሣር ለቀማውን ዘግተናል። ስንጠልቅ በቀሚሳችን ላይ የምንደርበውን የባሎቻችንን ሸሚዝ አጥበን መልሰንላቸዋል፤ እግራችን ላይ የምናስረውን ቆርቆሮ ዘይት ቀብተን ሰቅለነዋል። ፔቺ «ባሌ ሸሚዝ ለብሶ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ፣ ላገባው ነው» እያለች ሰፈሩን ታስቃለች። ሰላም ብላሃለች። የዓረብ ሽቶ ካልላክህላት ሰላምታዋን መልሳ እንደምትወስድ ንገረው ብላኛለች።

መሬትህን ሄጄ አየሁት። ዘንባባዎቹን ገንድሰዋቸዋል። አባትህ ይወጣባቸው የነበሩትን ሁለቱን እንኳ ተዉልኝ ብዬ ለመንኩ፤ አንዱን ተዉልኝ። ግንዶቹ ዳር ላይ ተከምረዋል። ኩሬው ሰፊ ነው፣ ሰማይ ይታይበታል። መኖና ዩሪያ በጆንያ በጆንያ ይገለብጡበታል። «ሽሪምፕ ዩሪያ ይበላል እንዴ?» ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «መጀመሪያ የምናሰባው ውሃውን ነው አካ፣ ውሃው ሲሰባ ሽሪምፑ ይሰባል» አለኝ። ውሃው ሲቆሽሽ በቦይ ይለቁትና አዲስ ይስባሉ። ቦዩ የሚወጣው በድሮው የጀልባ መግቢያ በኩል ነው።

የቤትህ መሠረት ወጥቷል። አናጢው ሰነፍ ነው፣ ግን ያፍረኛል፤ ቆሜ ሳየው ይሠራል።

ስለ ወፍጮው ጠይቀኸኛል። ባሕሩ ዝግ ስለሆነ አልወረድኩም። ስንከፍት እነግርሃለሁ።

እህትህ ናምቡታይ


ቡራይዳ
ጁላይ 15 ቀን 1994

ለውድ አካ፣

እናታችን ከአንቺ ጋር ትሁን፤ እዚህ እንኳ በዚህ ሙቀት የምትመጣ አይመስለኝም። ጠዋት የተሰጣ ልብስ አስጥተን ሳንጨርስ ይደርቃል።

ባለፈው ዓርብ ገንዳው ውስጥ ጭንቅላቴን አጥልቄ ሳዳምጥ ከፊሌ ደረሰብኝ። «አንተ ሰው፣ እየሰመጥክ ነው ወይስ እየጸለይክ?» አለኝ። «እያዳመጥኩ ነው» ብለው፣ ለሙክሌስ «ለዚህ ሰው ጥላ ሥር ሥራ ስጡት፣ ፀሐይ መትታዋለች» አለው። ስለዚህ ሁለት ቀን ጥላ ሥር ተቀምጬ ቴምር ለየሁ። ዕድሜ ለወፍጮው በይ።

አንድ ነገር አደራ፦ አናጢው በሩን ወደ መንገዱ እንዳያደርገው። ወደ ባሕሩ ይሁን። ጠዋት ስከፍተው መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እሱን ነው። የፔቺ ሽቶ ተገዝቷል፣ ራሴ ይዤላት እመጣለሁ።

ወቅቱ ተከፍቷል አይደል? ስትወርጂ ወፍጮውን ሰላም በይልኝ። ይፈጫል ወይ?

ካሊሙቱ


ቫላይቱራይ
ኦክቶበር 28 ቀን 1994

ለወንድሜ ለካሊሙቱ፣

እናታችን ከክፉ ወሬ ጆሮህን ትጠብቅልህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ፤ ዝምታዬን አትቆጣው።

ግድግዳው ቆሟል። በሩ ወደ ባሕሩ ነው። አናጢው «መንገድ እያለ ወደ ውሃ በር የሚከፍት ሰው አላየሁም» ሲል፣ ፔቺ «አንተ ያላየኸውን ብንቆጥር ይመሻል» አለችው።

የሽሪምፑ ምርት ጥሩ ነበር። በረዶ የጫነ መኪና መጥቶ ወሰደው። ታንጋዱራይ ለሰፈሩ ጣፋጭ አደለ። እኔ ጥርሴን ስላመመኝ አልበላሁም።

ባሕሩ አበበ። ሁለት ሳምንት አልፎታል። ለቀማ አልወጣንም። እጃችንን ስላሳከከን የኮኮናት ዘይት እንቀባለን።

ሌላ ወሬ የለም። ስትመጣ የምትለብሰውን የጥጥ ጨርቅ ከአሁኑ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ናምቡታይ


ቡራይዳ
ኖቬምበር 25 ቀን 1994

የልቤ እህት፣ አካ!

እናታችን አፍሽን ስኳር ታድርገው። ባሕሩ አበበ! ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሙክሌስ ሩጫዬን አይቶ «ወንድ ተወለደ?» አለኝ። «የለም፣ ባሕር አበበ» አልኩት። ካምፑ ውስጥ ላሉት ሁሉ ጣፋጭ ገዝቼ አደልኩ። አንዱም አልገባውም፣ ግን ሁሉም በላ።

ትዝ ይልሽ እንደሆን፣ ዝናቡ ሲያባራ ውሃው ላይ ያቺ ቀጭን አረንጓዴ ክር ትዘረጋ ነበር። እናቴ «ባሕሩ አበበ» ብላ ከፀጉሯ ላይ የጃስሚን አበባዋን ፈትታ ትጥልለት ነበር። አበባውን ተከትሎ ሰርዲኑ ሲመጣ ሰው በቅርጫት፣ በሽርጥ፣ በባርኔጣ ሳይቀር ይዝቅ ነበር። እኔ የሌለሁበት ዓመት ሆኖ ማበቡ አናደደኝ። ግን ይሁን። ለከርሞም ያብባል፣ ያኔ ደጄ ላይ ቆሜ አየዋለሁ።

ዕድል ሲመጣ ተከታትሎ ነው። ታንጋዱራይ ጽፎልኛል። በቀረው መሬት ላይ ሁለት ኩሬ መጨመር ይፈልጋል። ቀብዱ ጣሪያውን ጨርሶ ሞተር ያላት ጀልባ ይገዛል። የውክልናው ወረቀት አንቺ ዘንድ ስለሆነ ፊርማሽ ይበቃል። የአዲሱን ኪራይ ወረቀት ልኮልሻል። ከፖንጋል በፊት ፈርመሽ ስጪው፤ እኔም እንደፈረምሽ ሰምቼ ትኬቴን እቆርጣለሁ።

ሰርዲኑ እንዴት ነበር? በደንብ ጻፊልኝ እንጂ! አራት ቃል ጽፈሽ ዝም ትያለሽ?

የሚመጣው ወንድምሽ ካሊሙቱ


ቫላይቱራይ
ዲሴምበር 30 ቀን 1994

ለወንድሜ፣

እናታችን በጎውን ሁሉ ታድርግልህ። ዝናቡ ጠንክሯል። የፔቺ ልጅ ተዳረች፤ ሙሽራው ከቱቲኮሪን ነው፣ በጀልባ ሲመጣ ስላዞረው ሠርጉን ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ፔቺ «ባሕር የማይችል አማች ከማገኝ ድመት በዳርኩላት» ትላለች።

የታንጋዱራይ ወረቀት ደርሶኛል። መነጽሬ ስለተሰበረ አላነበብኩትም። ሩዝ በማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ነው።

በርህን ነፋስ እንዳይገባበት በኮኮናት ቅጠል ከልዬዋለሁ።

ናምቡታይ


ቡራይዳ
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1995

ለእህቴ ለናምቡታይ፣

እናታችን ትጠብቅሽ። አካ፣ አንቺ መነጽር ኖሮሽ አያውቅም።

ፖንጋል አለፈ። አልፈረምሽም፣ እኔም አልመጣሁም። መጀመሪያ ተናድጄ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ ቀድጄዋለሁ። አሁን የምጽፈው በንዴት አይደለም። እዚህ የሆነ ነገር ስላለ ነው።

በቀደም የማዳበሪያ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ኋላው የገንዳውን ጠርዝ አለፈና ጆንያዎቹ ገንዳው ውስጥ ገቡ። ያወጣነውን አወጣን፣ ቀሪው ሟሟ። ከፊሌ «ለዛፉ የታሰበ ነው፣ በውሃው በኩል ይደርሰዋል» ብሎ ሳቀ። በሳምንቱ ገንዳው አረንጓዴ ሆነ፤ እጅሽን ብትነክሪበት ጣትሽ የማይታይ። ሙክሌስ የጣፋጩን ቀን አልረሳም፤ ጠርቶ አሳየኝና «ይኸው፣ ገንዳህ አበበልህ፣ ጣፋጭ ግዛ» አለኝ። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ማለዳ ስሄድ ዓሦቹ በሙሉ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውሃ ውስጥ ሆነው ትንፋሽ አጠራቸው አካ። ፀሐይ ከፍ ስትል ሁሉም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ሙክሌስ በመረብ እያወጣ፣ አንዴ እኔን አንዴ ገንዳውን እያየ፣ «ይሄ ነው እንዴ ስታከብረው የነበረው?» አለኝ።

ከዚያ ደብዳቤሽን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ባሕሩ አበበ፤ ለቀማ አልወጣንም፤ እጃችንን አሳከከን። ሰርዲን የሚል ቃል የለበትም።

ጠላቂ ሴት ስለ ባሕር ክፉ ቃል እንደማታወጣ አልረሳሁም። እናቴ ማዕበል ድንጋይ ላይ መትቷት ክንዷ ተሰብሮ ስትወጣ እንኳ «ባሕሩ ዛሬ ተጫወተ» ነው ያለችው። ታመመ አይባልም፣ ሞተ አይባልም፣ የተናገረችበትን ባሕሩ አያወጣትም። ይገባኛል። እኔ ግን ይኸው ከእናንተ ርቄ አንዷን ቃል ይዤ ጣፋጭ ሳድል ነበር።

ስለዚህ በአፍሽ አትበዪው፣ ጻፊው። ጀርባሽን ሰጥተሽው ጻፊው። ማንበብ አይችልም፣ አይቀየምሽም። ያበበው የትኛው አበባ ነው? በመሬቴ ላይ ያለው ቦይ የሚወጣው በጀልባው መግቢያ ነው ብለሽ ነበር። የጀልባው መግቢያ ደግሞ የሚወስደው ወደ ወፍጮው ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ይፈጫል ወይ?

ካሊሙቱ


ቫላይቱራይ
ማርች 9 ቀን 1995

ለወንድሜ ለካሊሙቱ፣

እናታችን የምጽፈውን ትቻልልኝ፣ የምታነበውን ታስችልህ። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ናምቡናያኪ ቤተ መቅደስ ሄጄ ኮኮናት ሰበርኩ። ከዚያ እዚህ ያንተ ቤት ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ።

አይፈጭም።

መጀመሪያ ያቺ የምታውቃት ክር መጣች። እኔም እንዳንተ ደስ አለኝ፤ አበባም ጣልኩላት። ግን ክር ሆና አልቀረችም። ከቀን ወደ ቀን እየሰፋች ባሕሩ እንደ ሩዝ አጥሚት ወፈረ፣ አረንጓዴ አጥሚት። መቅዘፊያ ሲገባበት አይረጭም፣ ይቆረጣል። ነፋስ አልነበረም። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽታው ከእንቅልፍ ቀሰቀሰን። ስንወጣ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት፣ ፀሐይ አይተው የማያውቁት ዓሦች ሁሉ አሸዋው ላይ ናቸው። ሸርጣኖቹ ሰው እንደሚያሳድዳቸው ሆነው ወደ ሰፈር ይሮጣሉ። በቀቀን ዓሦቹን በቀለማቸው ለየኋቸው፤ ሰማያዊው ወዲያው አይጠፋም። ከፔቺ ጋር አንድ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። ፔቺ ያን ቀን አልቀለደችም።

ውሃው ሲጠራ ወደ ወፍጮው ወረድኩ። ድንጋዩ ነጭ ነበር፣ እንደ አጥንት። ሁለተኛ ስወርድ ነጩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቅሏል። እናትህ እግሯን ታሳርፍበት የነበረው ጎን ላይ እጄን አስቀመጥኩ፤ እንደ ሳሙና አሟለጨኝ። ትንፋሼ እስኪያልቅ አዳመጥኩ። የደሜ ድምፅ ብቻ ነበር።

ኩሬው ያንተ ብቻ አይደለም፣ ይህን እወቅልኝ። ከአንተ ወዲያ ሌሎች አሉ። ከከተማው የሚመጣ ፍሳሽም አለ። ነገር ግን ወፍጮው ላይ የሚወጣው ያንተ ቦይ ነው። ሲለቁት ቆሜ አይቻለሁ፤ ቡናማ ሆኖ ገብቶ እዚያው ላይ ያርፋል።

ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ትላለህ። ክፉ ቃል ስለማይወጣ ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ብነግርህ ኩሬውን ትዘጋለህ፤ ኩሬው ከተዘጋ አትመጣም። በርህን ወደ ባሕሩ አስከፍቼ፣ የምትለብሰውን ጨርቅ አጥፌ፣ እንዴት ልጻፈው? አንተ ባሕሩን ትናፍቃለህ፤ እኔ አንተን ነበር የምናፍቀው። ከእናትህ በኋላ ወደ ወፍጮው አብሮኝ የሚወርድ ሰው የለኝም፤ ሌሎቹ ሩቅ ነው ይላሉ።

ልፈርም ብዕር አንስቼ ነበር። ብፈርም ትመጣለህ። መጥተህ ግን በርህን ስትከፍት የምታየውን ሳስበው ብዕሩን አስቀመጥኩት። ወረቀቱ አሁንም ጣሳው ውስጥ ነው። መሬቱ ያንተ ነው፤ ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ። ያየሁትን ግን አውቀኸው ይሁን።

እዚህ ጋ አበቃሁ። ተነስቼ በሩን ልክፈት፤ ጀርባዬን ስሰጠው ደስ አይለኝም።

አካህ ናምቡታይ


ቡራይዳ
ሜይ 4 ቀን 1995

ለአካ፣

እናታችን እጅሽን ትባርክ፤ ያንን ጽፎ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደተነሳሽ ከፊደልሽ አይቻለሁ።

አትፈርሚ። ወረቀቱን እሳት ማቀጣጠያ አድርጊው።

ለታንጋዱራይ ጽፌ ኪራዩን አፍርሻለሁ። ያልኖረበትን ዘመን ኪራይ መመለስ አለብኝ፤ እሱ ደግሞ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ግድግዳ አፍርሼ አልመልስለትም። ስለዚህ ከደመወዜ እየቆጠብኩ እንድመልስ ከፊሌን ሁለት ዓመት ጨምርልኝ አልኩት። «ፀሐይ ለመታችው ሰው ሁለት ዓመት?» አለና ፈረመልኝ።

ሙክሌስ ሲሰማ «ልትሄድ ስትል ባሕሩ አልነበረም፣ ባሕሩ እንዲኖር ስትል ልትሄድ አልቻልክም። አንተ እብድ ነህ» አለኝ። ከዚያ ከአንቺ ዓሣ የቀረችውን የመጨረሻዋን ጠበሰልኝ፤ አንድ ጉርሻ አልነካም።

ጣሪያው ይቅር ለጊዜው። ቦዩን ግን ድፈኑት። ታንጋዱራይ ሽሪምፑን ሲያወጣ ቀን አትስጡት።

ከእንግዲህ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ስለ ባሕሩ ስትጽፊ ጀርባሽን ሰጥተሽው ጻፊ። በየወቅቱ።

ካሊሙቱ


ቫላይቱራይ
ኖቬምበር 12 ቀን 1995

ለወንድሜ ለካሊሙቱ፣

እናታችን ናምቡናያኪ አንተ ያለህበትን አሸዋ ከእኛ አሸዋ ጋር ታገናኘው። ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምጽፈው፣ እንዳልከኝ። አሁን ለምዶታል መሰለኝ፣ በደህና ያንኮሻኩሻል።

ቦዩን ደፍነነዋል። ታንጋዱራይ ሽሪምፑን እንዳወጣ ሴቶቹ በሙሉ ወጣን። የደፈንነው በአባትህ ዘንባባዎች ነው። እነዚያን የተገነደሱትን ግንዶች እያንከባለልን ከተትናቸው፤ ላዩን ጭቃ አለበስነው። ዘበኛው መጥቶ «አካ፣ እባካችሁ፣ ሥራዬን ታሳጡኛላችሁ» ሲል ፔቺ «ና፣ የባሌን ሸሚዝ ላልብስህ፣ ከእኛ ጋር ትጠልቃለህ» አለችው። ሳቀና ግንዱን ያዘልን። የሌሎቹ ኩሬዎች ቦዮች እንዳሉ ናቸው። ሄደን ለምነናል፤ አንዱ ሰማን፣ ሌሎቹ አልሰሙንም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ ክሯ መጣች። ሰፋች። ሳምንት ቆይታ ሄደች፤ ዓሣ ሞቷል፣ እንዳምናው ግን አይደለም። አበበ አልልህም። ያቺን ቃል ላንተ ስጽፍ ከእንግዲህ አልጠቀምባትም፤ ፔቺ ግን ልማዷ ነው፣ ትላታለች።

ወፍጮው ላይ የበቀለው ፀጉር ሊለቅ አልቻለም። ስለዚህ የምናደርገው ይህ ነው፦ የምንሸጠውን ሣር ለቅመን ስንጨርስ፣ ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ወደ ወፍጮው እንሄዳለን። ሩቅ ነው ይሉ የነበሩትም ይመጣሉ። እያንዳንዳችን እንወርድና ከድንጋዩ ላይ አንድ እፍኝ ነቅለን እንወጣለን። የሚገዛው የለም። ነጋዴው ከረጢታችንን አይቶ «ይሄ ቆሻሻ ለማን ነው?» ሲል ፔቺ «ለካሊሙቱ አማት ነው፣ ወፍጮዋን እየጠረግንላት ነው» አለችው። ሰውዬው እስካሁን አማትህ በሕይወት ያለች ይመስለዋል።

የነቀልነውን ባሕሩ ውስጥ መልሰን አንጥለውም። ከምንሸጠው ጋር አምጥተን የምናሰጣው ያንተ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያ ስለሌለው ፀሐይ በደንብ ያገኘዋል፤ ግድግዳው ደግሞ ነፋስ እንዳይወስደው ይይዝልናል። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ማስጫ ኖሮን አያውቅም። ስትመጣ እናነሳዋለን፤ ሽታው ግን የሚለቅ አይመስለኝም። ቤትህ ከአሁኑ ባሕር ባሕር ይላል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ደረቅ ሣር ጠቅልዬልሃለሁ፤ ለሙክሌስ የሚበላ እንዳልሆነ ንገረው።

ማክሰኞ ዕለት ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ብቻዬን ወረድኩ። በጥላው በኩል፣ እናትህ እግሯን ታሳርፍበት በነበረው ጎን፣ ከነጩ መሀል የእጅ አምባር የምታህል ቡናማ ሥፍራ አለች። ስነካት አላሟለጨችኝም፤ ቧጠጠችኝ፣ እንደ ድሮው ሕያው ድንጋይ። ጣቴ ደማ። ደስ ብሎኝ ደሙን ሳላብሰው ወጣሁ።

ትንፋሼን ወስጄ ተመለስኩ። አፌን ዘግቼ፣ ጆሮዬን ከፍቼ ቆየሁ። አንዲት በቀቀን ዓሣ ከየት እንደመጣች አላውቅም። ገና ትንሽ ናት፣ ሰማያዊዋ እንኳ አልወጣላትም። ድንጋዩን አልነካችም፤ አረንጓዴውን ፀጉር ነበር የምትጨርፈው። አንዴ ጨረፈች። ዞረች። ደግማ ጨረፈች።

ለአራተኛ ጊዜ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ብቻዋን ናት፣ ዱቄቱም አረንጓዴ ነው። ግን ይፈጫል ታምቢ፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይፈጫል።

አካህ ናምቡታይ